ቤት ያለው ትምህርት ቤት



አማርኛችን ልጅ የሚማርበትን ስፍራ ሲሰይም «ቤት» የሚለውን ቃል ሰጥቶታል፤ ትምህርት ቤት። ቤት ደግሞ በእኛ አነጋገር ከግድግዳና ከጣሪያ ያለፈ ነገር ነው። ሰው «ቤት አለው» ሲባል ሲዘገይ የሚጠብቀው፣ ሲቀር የሚፈልገው፣ ሲያጠፋ የሚቆጣው አለው ማለት ነው። ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ከዚሁ ቃል ይጀምራል። በጌዴኦ ዞን፣ በዱመርሶና በይርጋጨፌም ሆነ በዲላ፣ ሴትና ወንድ አብረው በሚማሩበት፣ ተማሪው በሺህ በሚቆጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ በዚህ ትርጉም ቤት አለው ወይ? ብዙውን ጊዜ የለውም ባይ ነኝ። ሊኖረው ግን ይችላል። ለዚህም አዲስ ሕንፃ ወይም ብዙ ገንዘብ ከመጠየቅ በፊት ተማሪውን የምናደራጅበትን መንገድ መለወጥ ይበቃል። በውጭ አገር «ሃውስ ሲስተም»፣ በእኛ አነጋገር «የቤት ሥርዓት» ልንለው የምንችለው አሠራር፣ በአግባቡ ከተተከለ፣ ትልቁን ትምህርት ቤት ለልጁ ትንሽ ያደርግለታል። ይህን ላስረዳ፤ የሚቀርቡበትን ተቃውሞዎችም አንድ በአንድ ልመልስ።

በመጀመሪያ የነገሩን ምንጭ እንይ። የቤት ሥርዓት የተወለደው በእንግሊዝ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነው። በዚያ ቤት ማለት ከሩቅ የመጣ ልጅ የሚያድርበት፣ የሚበላበት፣ ሲታመም የሚተኛበት ቤት ነበር፤ የቤቱ መምህርም እንደ አሳዳጊ ይታያል። ቶማስ አርኖልድ ከ1828 እስከ 1842 እ.ኤ.አ. ራግቢ የተባለውን ትምህርት ቤት ሲመራ፣ የላይኛው ክፍል ተማሪዎች ለታናናሾቻቸው ጠባይ ኃላፊ እንዲሆኑ ማድረጉ ለሌሎች አርአያ ሆነ። ኋላ ላይ ተማሪው ውሎ ወደ ወላጆቹ የሚገባባቸው ትምህርት ቤቶችም ስሙን፣ የማልያውን ቀለምና ውድድሩን ወሰዱ። አልጋውና ማዕዱ ግን አብሯቸው አልሄደም። በብዙ ስፍራ የቤት ሥርዓት በዓመት አንድ ቀን በሩጫና በገመድ ጉተታ የሚታወስ ጨዋታ ሆኖ የቀረው ለዚህ ነው። እኛም ጋ የዘመናዊ ትምህርት መጀመሪያ ከአዳሪነት ጋር የተያያዘ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1908 እ.ኤ.አ.፣ ተፈሪ መኮንን በ1925፣ ለሴቶች ደግሞ እቴጌ መነን በ1931፣ ከነጻነት በኋላ በኮተቤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ በ1943፣ ጄኔራል ዊንጌት በ1946 እ.ኤ.አ. ተከፈቱ። ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ልጆች በአዳሪነት አብረው በኖሩበት ግቢ፣ ትምህርት ቤቱ ሳይፈልገውም ቤት ይሆናል፤ መኝታውና መመገቢያው ያቀራርባሉና። የዛሬው የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ግን ሌላ ነው። ሴትና ወንድ በአንድ ግቢ ይማራሉ፣ ቁጥራቸው ብዙ ነው፣ ደወሉ ሲደወል ሁሉም ወደ መንደሩ ይበተናል። መኝታው ይሠራው የነበረውን ሥራ የሚሠራ ነገር አልተተካም።

ይህ ክፍተት ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማየት እዚሁ ዱመርሶ በቡና ማጠቢያው የሚሆነውን መመልከት ይበቃል። ከገንዳ የወጣ እርጥብ ቡና ተከምሮ ቢያድር ይሻግታል። ስለዚህ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት አልጋ ላይ በስሱ ይሰጣል፤ በየጊዜው በእጅ ይገለበጣል፤ በአልጋው ግራና ቀኝ የቆሙ ሴቶች የተሰበረውን፣ በነቀዝ የተበሳውን፣ የጠቆረውን እየለቀሙ ያወጣሉ። ዓይናቸው እያንዳንዷን ፍሬ የሚያገኘው ቡናው ስለተዘረጋ ነው። የተከመረ ቡና ፊት ያንኑ ዓይንና ያንኑ እጅ ብታቆሙ የሚያየው የላዩን ብቻ ነው። አሁን ሰባና ሰማንያ ተማሪ የታጨቀበትን ክፍል አስቡ። መምህሩ ስም ይጠራል፤ «አቤት» የሚል ድምፅ ከወዲያ ይመጣል፤ ድምፁ የባለስሙ ይሁን የጓደኛው ማንም አያጣራም። ከላይ ያሉት፣ እጃቸውን የሚያወጡትና የሚረብሹት፣ ይታወቃሉ። መካከል ያለው ዝምተኛ ልጅ ግን አራት ዓመት ተምሮ ሲወጣ ስሙን የሚያውቅ መምህር ላይኖር ይችላል። የመምህሩን ትጋት አልጠራጠርም፤ ክምሩ ግን ከትጋቱ በላይ ነው።

ይህን በጥናት የደገፉ አሉ። ሮጀር ባርከርና ፖል ገምፕ የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት ሠላሳ አምስት ተማሪ ካለው ትንሽ ትምህርት ቤት ጀምሮ ከሁለት ሺህ በላይ እስካለው ድረስ አነጻጽረው ውጤቱን በ1964 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ትልቁ ትምህርት ቤት ብዙ ክበብ፣ ብዙ ቡድን፣ ብዙ ዝግጅት ነበረው። ነገር ግን በትንሹ ትምህርት ቤት ያለ ተማሪ ኃላፊነት የመሸከም ዕድሉ በእጅጉ ይበልጥ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። አሥራ አንድ ተጫዋች የሚፈልግ ቡድን ሠላሳ ልጅ ካለው ትምህርት ቤት ሲመለምል ደካማውንም ይለምነዋል፤ ከሁለት ሺህ ሲመለምል ግን አብዛኛውን ተመልካች አድርጎ ያስቀራል። በትንሹ ቤት ልጁ ሲቀር ሥራ ይጎድላል፤ በትልቁ ሲቀር ምንም አይጎድልም። ካንሳስ ጌዴኦ አይደለም ትሉ ይሆናል፤ ልክ ናችሁ፤ ሀብቱም ልማዱም ይለያያል። ምክንያቱ ግን ከሀብት የመጣ ሳይሆን ከቁጥር የመጣ ነው፤ ቁጥር ደግሞ በእኛ ዘንድ ከዚያ ይብሳል። ትምህርት ቤቶቻችንን አፍርሰን ትናንሽ አድርገን መሥራት አንችልም፤ አቅሙም መሬቱም የለም። በትልቁ ውስጥ ትናንሾችን ማቆም ግን እንችላለን።

«ታዲያ ክፍሉስ? የክፍል ኃላፊ መምህርና የክፍል አለቃ አለ አይደል?» የሚል ይኖራል። አለ። ክፍል ግን በዕድሜ አንድ የሆኑትን ነው የሚሰበስበው። የጌዴኦን ጓሮ ያየ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል። ላይ ዋንዛውና ብርብራው ጥላ ይሰጣል፤ ከሥሩ እንሰቱ ይቆማል፤ ከእንሰቱ ጋር ቡናው ይበቅላል። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ ይህ ከፍታውና ዝቅታው የተዛመደ አስተራረስ ነው። ችግኝን ብቻውን በአንድ ማሳ፣ ትልቁን ዛፍ ብቻውን በሌላ ማሳ የሚተክል የጌዴኦ አባወራ የለም። ክፍል ግን እንደዚያ ነው፤ ዘጠነኛን ከዘጠነኛ፣ አሥራ ሁለተኛን ከአሥራ ሁለተኛ ጋር ያስቀምጣል። በመሆኑም ዘጠነኛ ክፍል የገባው ልጅ የሚቀጥለውን ዓመት የኖረ ሰው አጠገቡ አያገኝም። የፊዚክስ ፈተና ምን እንደሚመስል፣ የትምህርት ዘርፍ ሲመረጥ ምን እንደሚታሰብ የሚነግረው የለም። የቤት ሥርዓት ዋና ጥቅሙ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ያሉትን በአንድ ጥላ ሥር ማኖሩ ነው። ይህም ለታናሹ ብቻ አይጠቅምም። በ1982 እ.ኤ.አ. ፒተር ኮኸን፣ ጄምስ ኩሊክና ቼን ሊን ኩሊክ ተማሪ ተማሪን ሲያስጠና የሚያሳዩ 65 ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ የተረዱት ልጆች እንደተሻሻሉ፣ ያስረዱትም ልጆች ስለ ትምህርቱ ያላቸው ዕውቀትና አመለካከት እንደዳበረ አገኙ። ያልገባህን ለሌላ ማስረዳት አይቻልምና፣ አስረጂው ሳይወድ በግዱ ይማራል።

ለጌዴኦ ሕዝብ ይህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። ባሌ የተባለው ባህላዊ ሥርዓቱ ሰውን ከዕድሜው ጋር ከደረጃ ወደ ደረጃ የሚያሳልፍ፣ ለእያንዳንዱ ደረጃ የራሱን ግዴታ የሚሰጥ፣ ሥልጣንም ዘመኑ ሲደርስ በሥርዓት የሚያስረክብ ነው። ሶንጎ የሚባለው ደግሞ ጉዳይ ተነሥቶ፣ ተሰምቶ፣ ተመክሮበት የሚወሰንበት ሸንጎ ነው። ከእነዚህ ሁለት ነገሮችን መውሰድ ይቻላል፤ ኃላፊነት ከዕድሜ ጋር እንደሚያድግና ኃላፊነት ለዘለዓለም እንደማይያዝ። ነገር ግን ቅርስን ማክበር ጉድለቱን አለማየት አይደለም። እነዚህ አደባባዮች በባህላቸው የወንዶች ነበሩ፤ ሴት ልጅ ድምፅዋን የምታሰማበት መንገድ ጠባብ ነበር። ሴትና ወንድ በሚማሩበት ትምህርት ቤት ሶንጎውን እንዳለ ብንገለብጠው፣ ወንዶች ሲመክሩ ሴቶች ወንበር ሲጠርጉና ውኃ ሲቀዱ እናያለን። ይህ እንዳይሆን ሥርዓቱ በጽሑፍ መታሰር አለበት። የቤቱ መሪ ሁለት ነው፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ፤ በየዓመቱ ይለወጣሉ፤ ሰብሳቢነቱንና ጸሐፊነቱን በየወሩ ይቀያየራሉ፤ መጥረጊያውም ለሁለቱም በተራ ይደርሳል።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር በቁጥር ልስለው። 1,600 ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት እንውሰድ። በአምስት ቤት ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ ቤት 320 ተማሪ ይደርሳል። ይህም ገና ብዙ ነው፤ ስለዚህ ቤቱ በ20 ጎጆ ይከፈላል። በአንድ ጎጆ 16 ልጆች አሉ፣ ከየክፍሉ አራት አራት፣ የተማሪው ቁጥር በፈቀደ መጠን ሴትና ወንድ እኩል። በጠቅላላው 100 ጎጆ ይሆናል። 50 መምህራን ካሉ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ጎጆ፣ 32 ልጆች፣ ይደርሳል። 32 ልጅ በስም፣ በመንደርና በጠባይ ለማወቅ ለአንድ መምህር ከባድ አይደለም፤ የሰማንያውን ክፍል ግን ማንም አይችለውም። ጎጆዎቹ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ይሰበሰባሉ። መጀመሪያ ማን እንደቀረ ይጠየቃል፤ ቀጥሎ ማን በምን ትምህርት እንደተቸገረ፤ ከዚያ ታላላቆቹ ታናናሾቹን ያስጠናሉ። የቤቶቹ ስም ከዛፎቻችን ይሁን፤ ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ዝግባ፣ ኮሶ፣ ጥቁር እንጨት። በሰው ስም ወይም በጎሳ ስም መሰየም ግን አይገባም፤ ስም ራሱ ወገን ይፈጥራልና። ለሴት ልጆች ደግሞ በእያንዳንዱ ቤት አንዲት መምህርት ትመደብ። የወር አበባ ሲመጣ ለማን እንደሚነገር፣ ከትምህርት ቤት መልስ በመንገድ የሚያስቸግር ካለ ለማን እንደሚከሰስ፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ሲታሰብ ማን እንደሚሰማ ልጅቷ አስቀድማ ትወቅ። ዛሬ ይህ ሥራ ለሴቶች ክበብ ብቻ ተትቷል፤ ክበቡን የምታውቀው ግን ወደ ክበቡ የመጣችው ልጅ ናት። ቤቱ ሁሉንም ያለ ምርጫ ስለሚይዝ፣ ለዝምተኛዋም ይደርስላታል።

አሁን ወደ ተቃውሞው እንሂድ። የመጀመሪያውና ከባዱ «ልጆችን በቡድን መክፈል ጠብ ያመጣል፤ እኛ ደግሞ በመከፋፈል የደከምን ሕዝብ ነን» የሚለው ነው። ይህን ማቃለል አይገባም። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ መካከል በተነሣው ግጭት መቶ ሺዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል፤ ያ ጊዜ በዚህ አገር ሰው ልብ ውስጥ አለ። ሳይንሱም ሥጋቱን ይደግፋል። ሙዛፈር ሸሪፍ በ1954 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኦክላሆማ 22 ልጆችን በበጋ ሰፈር በሁለት ቡድን ከፍሎ ሲያወዳድራቸው፣ በጥቂት ቀን ውስጥ መሰዳደብ፣ ባንዲራ ማቃጠልና መደባደብ ደረሱ። ጥናቱ በኋላ ዘመን ብዙ ትችት ቀርቦበታል፤ ልጆቹ ጥቂት ነበሩ፣ ሁሉም ወንዶች ነበሩ፣ ተመራማሪዎቹም ነገሩን ሆን ብለው አቀናብረውታል። ይሁንና የጥናቱ ሁለተኛ ክፍል አይረሳ። ልጆቹን አንድ ላይ ፊልም ማሳየትና አንድ ላይ ማብላት ብቻውን አላስታረቃቸውም። ያስታረቃቸው ውኃው ሲቋረጥ አብረው መፈለጋቸው፣ የቆመውን መኪና በገመድ አብረው መጎተታቸው ነው። ከዚህ ሁለት ሕግ እናውጣ። አንደኛው፣ ምደባው በዕጣ ይሁን። ከአንድ ቀበሌ፣ ከአንድ ቤተ እምነት፣ ከአንድ ቋንቋ የመጡ ልጆች ሁሉ በአንድ ቤት ከገቡ በመንደር ያለውን ወሰን ወደ ግቢው አስገባን ማለት ነው። በዕጣ ሲሆን ግን ጌዴኦውም ጉጂውም፣ አማራውም ሲዳማውም፣ የነጋዴው ልጅም የቡና ለቃሚዋ ልጅም በአንድ ጎጆ ይቀመጣሉ። ቤቱ ያን ጊዜ የቆየውን ወሰን ያቋርጣል። ሁለተኛው፣ ነጥቡ በሌላው ቤት ሽንፈት ብቻ የሚገኝ አይሁን። ባለፈው ወር ከነበረበት የተሻለ ቤት ሁሉ ነጥብ ያግኝ፤ አምስቱም አብረው ካልሠሩ የማይሞላ ሥራ ይኑር፣ የችግኝ ጣቢያው፣ የቤተ መጻሕፍቱ ጥገና፣ የአጥሩ ሥራ።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ይሄ ሌላ አንድ ለአምስት ነው» የሚል ነው። በቅርብ ዘመን ተማሪው፣ መምህሩ፣ ገበሬው ሁሉ አንድ ሰው አምስት ሰው በሚመራበት የአንድ ለአምስት ቡድን ሲደራጅ አይተናል፤ በብዙ ስፍራ የቀረው የስም ዝርዝርና ሪፖርት ነው። ተቃዋሚው ያየው እውነት ነው። አደረጃጀቱ ግን ከሁለት ነገር የተነሣ ነው የደረቀው። ጎበዝን ከአንድ ክፍል ደካሞች ጋር አስሮ «አንተ አስጠና» አለ፤ ጎበዙ ሸክሙን፣ ደካማው ዝቅታውን ተሸከሙ። ከዚያም ሪፖርቱ ወደ ላይ ስለሚሄድ፣ ቡድኑ ለበላዩ እንጂ ለአባሉ አልኖረም። በጎጆው ታላቅ ታናሹን ሲረዳ ግን ማንም አይዋረድም፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ከዘጠነኛው የበለጠ ማወቁ የሚጠበቅ ነው፤ ታናሹም ነገ በተራው አስተማሪ ይሆናል። ሪፖርቱ ደግሞ አንድ ደብተር ይሁን፤ በጎጆው ይቆይ፤ የቀሩትን ስምና ምክንያቱን ብቻ ይያዝ። እዚህ ላይ ከእንግሊዞቹ ስሕተትም እንማር። በአዳሪ ቤቶቻቸው ታናናሾች ለታላላቆች ጫማ የሚጠርጉበት፣ እሳት የሚያነዱበት፣ ሻይ የሚያፈሉበት ልማድ ለረጅም ዘመን ቆይቷል፤ በትር የያዘ ተማሪም ነበር። ስለዚህ የእኛ ቤት መሪ ቅጣት የመስጠት ሥልጣን አይኑረው። ሥልጣኑ መጠየቅና መንገር ይሁን፤ መቅጣት የመምህራን እንዲሁም የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት ሥራ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከወላጅ የሚመጣ ነው፤ «ልጄ ፈተና ወድቆ እያለ ስለ ቤትና ጎጆ ታወራላችሁ?» ፈተናው በእርግጥ የሚያስጨንቅ ነው። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲገለጽ፣ ከተፈተኑት ወደ 897 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. የማለፊያው መጠን 5.4 ከመቶ ደረሰ። የዚህ ውድቀት ሥሩ ብዙ ነው፤ የመምህር ዝግጅት፣ የመጽሐፍ እጥረት፣ የታችኛው ክፍል መሠረት አለ። የቤት ሥርዓት እነዚህን ሁሉ ይፈታል የሚል ካለ እኔ አይደለሁም። አንድ ሥሩን ግን ይነካል፤ መቅረትን። በዚህ አገር ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀይ እሸት ይለቀማል። ቤተሰብ በዚያ ወቅት የዓመቱን ገንዘብ ያገኛል፤ ልጁም አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ይቀራል። ሲመለስ ሒሳቡ ሁለት ምዕራፍ ርቆታል። ደብተሩን የሚያበድረው ካጣ፣ የማያውቀውን ትምህርት ቁጭ ብሎ መስማት ያሳፍረዋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት አራት ቀን ይቀራል። ተማሪ ከትምህርት የሚወጣው በአንድ ቀን ውሳኔ ሳይሆን በዚህ ዓይነት መንሸራተት ነው። የጎጆው ሥራ መንሸራተቱን በሁለተኛው ቀን ማቆም ነው፤ ከአንድ መንደር የሚመጣ የጎጆ ልጅ ደብተር ይዞለት ይሄዳል፣ ታላቁ ያመለጠውን ምዕራፍ ያሳየዋል። ይህን ፈተና የሚያሳልፍ ተአምር አልለውም፤ ከዚህ ውጭ ግን የፈተና ዝግጅት የሚጀመርበት ቦታ አላውቅም።

የመምህሩን ሸክምም መዘንጋት አይገባም። ደመወዙ በማይበቃው መምህር ላይ አዲስ ሥራ መጫን ቀላል ነው፤ ሥራው ግን በስብሰባው ብዛት ይሞታል። ስለዚህ ቤቱ ካለው ላይ አይጨመር፤ ያለውን ይተካ። የየክበቡ የተበታተነ ስብሰባ ወደ ቤቱ ይግባ፤ ሚኒ ሚዲያው የየቤቱን ዜና በተራ ያንብብ፤ የጎጆው ክፍለ ጊዜ በመርሐ ግብሩ ላይ እንደ ማንኛውም የማስተማሪያ ሰዓት ይቆጠር። ርእሰ መምህሩ ይህን ካልፈቀደ ባይጀመር ይሻላል፤ በማልያ ቀለም ብቻ የሚኖር ቤት ልጆቹን ያታልላል፣ ቀጣዩን በጎ ሐሳብም ያስጠላል። በአንድ ጊዜም ሁሉን መጀመር አያስፈልግም። በአንድ ቤት፣ በአንድ ሴሚስተር ተሞክሮ፣ የመቅረቱ ቁጥር ከሌላው ጋር ይነጻጸር። ካልቀነሰ ይተው።

ወላጆች ሆይ፣ የቤት ሥርዓት በልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ተጀምሯል ቢባል ዋንጫውን ለማየት አትቸኩሉ። በኅዳር አንድ ሰኞ፣ የቡናው ለቀማ ሲጋጋል ወደ ግቢው ግቡ። ባዶ ወንበር ፈልጉ፤ አይጠፋም። ከዚያ አጠገቡ ላሉት ልጆች «የዚህ ልጅ ስሙ ማን ነው? ለምን ቀረ? ደብተሩን ማን ያደርስለታል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሦስቱም ጥያቄ ከሁለተኛው ክፍለ ጊዜ በፊት መልስ ካገኘ፣ ያ ትምህርት ቤት ቤት አለው።